የአክስቴ ኦፔራ

ኦፔራ የሚባለውን ነገር ያየሁት በቴሌቪዥን ነው። እናንተም ብትሆኑ፣ መቼም እንዋሽ ካላልን በቀር፣ ከዚህ የተለየ ዕድል ገጥሟችኋል ብዬ አላምንም። አንዲት ሰፊ ቀሚስ የለበሰች ሴት ልትሞት ታጣጥራለች፤ እያጣጣረች ግን ሩብ ሰዓት ሙሉ ትዘፍናለች። «ኧረ ትንፋሹን ከየት ታመጣዋለች?» ብለን ሥቀን ጣቢያውን እንቀይራለን። ይህችን ጽሑፍ ለመጻፍ የተነሣሁት በዚያ ሣቅ አፍሬ ነው። ለካስ እኔ ኦፔራን በገዛ ቤቴ፣ ጉለሌ ሽሮ ሜዳ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ተኝቼ ከልጅነቴ ጀምሮ ስሰማው ኖሬያለሁ። ስሙን ብቻ ነው ያላወቅሁት።

ያሳደገችኝ አክስቴ ናት፤ የእናቴ ታላቅ እህት። ቤታችን ከዋናው መንገድ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከሸማኔዎቹ ቤቶች አጠገብ ነው። ቀን ቀን መወርወሪያው ከግራ ወደ ቀኝ ሲመላለስ ይሰማል፤ ማታ ደግሞ የእንጦጦ ብርድ በቆርቆሮው ሥር ሾልኮ ይገባል። አክስቴ ቃል ቆጣቢ ሴት ናት። «መጣህ?» «በላህ?» «በሩን ዝጋው።» በቃ! ሳምንት ሙሉ ከዚህ የማታልፍበት ጊዜ ነበር። አንዳንድ ቀን ምድጃው ዳር ቁጭ ብላ እሳቱን እያየች ትፈዛለች። «ምን ሆንሽ እትዬ?» ስላት፣ «ምንም አልሆንኩ፤ ራሴን አሞኝ ነው» ትለኛለች።

በወር አንድ ሌሊት ግን ቤቱ ሌላ ቤት ይሆናል። ከላይኛው ሠፈር አንዲት አሮጊት ባለ ዛር ይመጣሉ። አራት አምስት ጎረቤት ሴቶች ነጠላቸውን አጣፍተው ይገባሉ። ቄጠማ ይጎዘጎዛል፣ ቡና ይፈላል፣ ዕጣኑና ከርቤው ይጨሳል። አክስቴ ጨሌዋን ታጠልቃለች። እኔ «ተኛ!» ተብዬ ከመጋረጃው ጀርባ እወረወራለሁ። ማን ይተኛል! ጭብጨባው ቀስ ብሎ ይጀምራል፤ ከበሮው ይከተላል፤ አንዷ ታወጣለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ። ከዚያ የአክስቴ ትንፋሽ ይለወጣል። ታጓራለች። ከዚያ በኋላ የሚናገረው አክስቴ አይደለችም።

ሦስት ድምፅ ነበር። የመጀመሪያው ሹም ነው። ይፎክራል፣ ይቆጣል፣ አክስቴን «ፈረሴ» እያለ ይጠራታል፤ ገብስማ ዶሮ ለምን እንደ ቀረበት ይጠይቃል። ሁለተኛዋ ቅንጦተኛ ወይዘሮ ናት። «ይህ ቡና ነው ወይስ እጣቢ?» ትላለች፤ ሽቶ አምጡ ትላለች፤ ሴቶቹ በሣቅ ይፈነዳሉ። በቀን ጥርሷ የማይታየው አክስቴ ያን ጊዜ ቤቱን ሙሉ ታሥቃለች። ሦስተኛው ግን የጎልማሳ ልጅ ድምፅ ነው። አይፎክርም። «በረደኝ» ይላል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ፣ «ለምን ዝም አላችሁ?» ይላል። ይህ ድምፅ ሲመጣ ሴቶቹ አይሥቁም። አሮጊቷ ቶሎ ብለው፣ «ይበቃል ጌታዬ፣ ይበቃል» ይላሉ፤ ከበሮውም በችኮላ ይመታል። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ብርድ ልብሴን ወደ ራሴ እስባለሁ።

ጠዋት አክስቴ ቤቱን ጠርጋ፣ ቄጠማውን አውጥታ፣ ቁርሴን አቅርባ፣ «በላህ?» ትለኛለች። ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል የምትወጣበትም ቀን አለ። ከሐኪም የታዘዘላት ክኒን ደግሞ ከስኳር ጣሳው አጠገብ ይቀመጣል፤ ስትውጠው እንቅልፍ ይወስዳታል፣ እንቅልፉም ያሻላታል። ጠበሉ፣ ክኒኑና ከበሮው አክስቴ ዘንድ ሳይጣሉ ይኖሩ ነበር። የተጣላኋቸው እኔ ነኝ። ከፍ ስል የሰንበት ትምህርቱ «የሰይጣን ሥራ ነው» አለኝ፤ የሳይንስ ክፍለ ጊዜው «ድንቁርና ነው» አለኝ። እኔም ሁለቱ በምንም ሳይስማሙ በአክስቴ ላይ ብቻ መስማማታቸውን ሳላስተውል ለሁለቱም አጨበጨብኩ።

ስድስት ኪሎ ስገባ መንገዱ ቁልቁል ነውና ከቤቴ በእግሬ እመጣ ነበር። በኋላ ማደሪያ ተሰጠኝና ሽሮ ሜዳን በሳምንት አንዴ ማየት ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ ማታ ወደ ቤት ስሄድ የከበሮው ሌሊት ሆኖ አገኘሁት። ዕድሜዬ «ተኛ» ከሚባልበት አልፏል፤ ግን እንደ ልማዴ ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ። ስልኬን አወጣሁና ቀረጽኩ። ለምን? ለትምህርት ነው እል ይሆናል። እውነቱን ልንገራችሁ፦ ለጨዋታ ነው። ሰኞ ማታ በማደሪያችን ለጓደኞቼ አሰማሁ። ወይዘሮዋ ቡናውን ስታናንቅ አልጋው እስኪነቃነቅ ተሣቀ። እኔም ሣቅሁ። ሴትዮዋ ማን እንደሆነች ሲጠይቁኝ «የሠፈራችን ሰው» አልኳቸው። ይህችን መልስ እስከ ዛሬ ስታመኝ ትኖራለች።

ቲያትር የሚያጠናው ጓደኛችን ብቻ አልሣቀም። «እስቲ እንደገና አሰማኝ» አለኝ። ሰማና፣ «ነገ ኬኔዲ ላይብረሪ ና፤ ይህን የሚመስል ነገር አሰማሃለሁ» አለ።

በማግሥቱ ላይብረሪው ጥግ ተቀምጠን ማዳመጫውን ጆሮዬ ላይ አደረገልኝ። ሁለት ደቂቃ ያህል የምትሆን ነገር ናት። የሴቶች ዝማሬ ይመስላል፤ ነገር ግን ቃሉ ሟሟቷል። የቀረው ከግድግዳ ውስጥ የሚመጣ የሚመስል፣ የሚያስተጋባ፣ ወደ ላይ የሚነሣና የሚወርድ ድምፅ ብቻ ነው። ፀጉሬ ቆመ። ይህ ከመጋረጃ ጀርባ፣ ግማሽ እንቅልፍ ውስጥ ሆኜ የምሰማው የእኛው ቤት ነው! «ምንድን ነው?» አልኩት። «ዛር ነው። ካይሮ። እ.ኤ.አ. በ1944።»

ሰውየው ሃሊም ኤል-ዳብ ይባላል። ካይሮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1921 የተወለደ ግብፃዊ ነው፤ የተማረው ግብርና ነው። በዚያ ዘመን ቴፕ በእጅ የሚገኝ ነገር አልነበረምና በቀጭን ብረት ሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀርጽ ከባድ መሣሪያ ከራዲዮ ጣቢያ ተውሶ ሴቶች ወደሚሰበሰቡበት የዛር ሥርዓት ገባ። ቀርጾም አልተወውም። ቀረጻውን ተንቀሳቃሽ ግድግዳ ባለው ክፍል ውስጥ እያስተጋባ እንደገና ቀረጸው። ጎልቶ የሚሰማውን የድምፁን አካል እየቀነሰ፣ ከሥሩ የተደበቀውን ድምፅ ፍለጋ ወረደ። ፈረንሳዊው ፒየር ሼፈር በተቀረጸ ድምፅ ሙዚቃ መሥራት ጀመረ ተብሎ የሚነገርለት እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። የኤል-ዳብ ሽቦ አራት ዓመት ይቀድማል። በኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ታሪክ መጀመሪያ ገጽ ላይ፣ እንግዲህ፣ ዛር ተቀምጧል ማለት ነው። ዛር ደግሞ ወደ ሱዳንና ወደ ግብፅ የተሻገረው ከእኛ አገር ነው የሚሉ ተመራማሪዎች ብዙ ናቸው።

ጓደኛዬ የመጨረሻውን ነገር ሆን ብሎ አቆይቶት ነበር። «ይኸው ሰው» አለኝ፣ «እዚሁ ግቢ አስተምሯል።» እውነትም ኤል-ዳብ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1964 አዲስ አበባ፣ በያኔው ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1963 ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን ያቋቋመ እሱ ነው። ከየአገሩ የመጡ፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ቅኝት የያዙ የመሰንቆ፣ የክራር፣ የበገና፣ የዋሽንትና የእምቢልታ ተጫዋቾችን በአንድ መድረክ አስቀመጠ። ማዳመጫውን ከጆሮዬ አውርጄ በመስኮቱ ወደ ግቢው ዛፎች ተመለከትኩ። ከሽሮ ሜዳ ቁልቁል ስሄድ ያፈርኩበትን ድምፅ ሊፈልግ የደከመ ሰው በእነዚሁ ዛፎች ሥር ተመላልሷል።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ጓደኛዬን መከራውን አሳየሁት። ያመጣውን ሁሉ ሰማሁ። ኤል-ዳብ ኒው ዮርክ በኮሎምቢያና በፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲዎች የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ማዕከል እ.ኤ.አ. በ1959 የሠራው «ለይላና ባለቅኔው» የሚባል ድርሰት አለ። እሱ ኤሌክትሮኒክ ድራማ ይለዋል፤ እኔ ግን መጋረጃውም ጌጡም ተነሥቶለት ድምፁ ብቻ የቀረ ኦፔራ ነው የምለው። ታሪኩ በዓረቦች ዘንድ የታወቀው የለይላና የመጅኑን ፍቅር ነው። መጅኑን ማለት ጂን የያዘው፣ ያበደ ማለት ነው። ልጁ የወደዳትን ከለከሉት፤ አበደ፤ እብደቱም ግጥም ሆነ። በቀረጻው ውስጥ የሰው ድምፅ ይረዝማል፣ ይሰነጠቃል፣ በራሱ ላይ ተመልሶ ይመጣል። መድረኩ የሰውየው የራስ ቅል ነው። ከውጭ ቆመን የምናየው እብድ የለም፤ እኛው ነን ወደ ውስጥ የገባነው።

እንዲህ ያለውን ነገር ሌሎችም ሞክረውታል። አሜሪካዊው ቶድ ማኮቨር እ.ኤ.አ. በ1996 «የአንጎል ኦፔራ» የሚል ሥራ አቀረበ። መነሻው የማርቪን ሚንስኪ መጽሐፍ ነው። ሚንስኪ እንደሚለው አእምሮ አንድ ጌታ የተቀመጠበት ዙፋን አይደለም። ብዙ ትናንሽ ሠራተኞች ያሉበት ማኅበር ነው፤ አንዳቸውም ብቻቸውን አዋቂ አይደሉም፣ ዕውቀቱ የሚመጣው ከጉባኤያቸው ነው። ማኮቨርም ተመልካቹን ራሱን በልዩ መሣሪያዎች ድምፅ እንዲያዋጣ አደረገው። እንግሊዛዊው ማይክል ናይማን ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1986 ሚስቱን ባርኔጣ ናት ብሎ ስለተሳሳተ ሰው ኦፔራ ጻፈ። ቀልድ እንዳይመስላችሁ፤ ሐኪሙ ኦሊቨር ሳክስ ያየው እውነተኛ ታማሚ ነው። ሰውየው ፊት አይቶ መለየት አይችልም፤ ነገር ግን ለራሱ እያዜመ ይለብሳል፣ እያዜመ ይበላል። ዜማው ከተቋረጠ ልብሱ ልብስ መሆኑ ይጠፋዋል። ይህን ሳነብ ኦፔራ ለምን እንደሚዘፈን ገባኝ። በንግግር ሊያዝ የማይችል ነገር ሲኖር ነው።

ስለ እኛም የጻፈ አልጠፋም። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 ጎንደር ላይ፣ መልካም አያሁ በሚባሉ ባለ ዛር ቤት እየተገኘ የሚሆነውን ሁሉ መዘገበ። እ.ኤ.አ. በ1958 ባወጣው መጽሐፍ ዛርን እንደ ቲያትር መረመረው። ጥያቄው ይህ ነው፦ ዛር የወረደባት ሴት ትጫወታለች ወይስ ትኖረዋለች? የሚጫወቱት ቲያትርና የሚኖሩት ቲያትር ልዩነቱ የት ላይ ነው? እኛ ተማሪዎች ይህን ጥያቄ ስናቃልለው «ታስመስላለች ወይስ አታስመስልም?» እንላለን። የፖሊስ ጥያቄ ነው። እኔም ለአሥራ ምናምን ዓመት የጠየቅሁት ይህንኑ ነበር። ድምፁ ምን እንደሚል ግን አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም።

የዚያን ሳምንት የአክስቴን ቀረጻ ብቻዬን ሆኜ ደግሜ ሰማሁት። ሹሙን አለፍኩት። ያሣቀችንን ወይዘሮ አለፍኳት። ሦስተኛው ጋ ደረስኩ። በማደሪያው ጫጫታ ያልሰማነው ነበረ። «በረደኝ» ይላል። «ለምን ዝም አላችሁ?» ይላል። ከዚያም ከበሮው ሳይሸፍነው በፊት፣ በጣም ዝግ ብሎ፣ «እርሜን ለምን አላወጣችሁም?» ይላል።

ቅዳሜ ቤት ሄድኩ። አክስቴ ቡና እየቆላች ነበር። የማደርገው ጠፋኝ። በመጨረሻ፣ «እትዬ፣ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ» አልኩ። የቀረጽኩትን ነገርኳት። አልተቆጣችም። «እስቲ» አለች፣ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች። ሰማች። የሹሙን ፉከራ ስትሰማ አፍራ በነጠላዋ አፏን ሸፈነች። የወይዘሮዋ ጊዜ ፈገግ አለች፤ «እንዲህ እላለሁ እንዴ?» አለች። ሦስተኛው ሲጀምር ግን ምጣዱን ከእሳቱ አወረደችው። እስኪያልቅ አልተነቃነቀችም።

«ይሄማ ወንድሜ ነው» አለች።

አጎቴ እንደነበረኝ አውቅ ነበር፤ ግድግዳችን ላይ ፎቶግራፉ አለ። «ሞተ» ከመባል በላይ የሰማሁት አልነበረም። አክስቴ ያን ቀን ነገረችኝ። 1970 ዓ.ም. ነው። ቀይ ሽብር። እሱ የ12ኛ ክፍል ተማሪ፣ እሷ ከእሱ በሁለት ዓመት የምታንስ ልጅ። በሌሊት ወሰዱት። ጠዋት መንገድ ዳር ተገኘ። ሸሚዝ ብቻ ነበር የለበሰው፤ ኮቱን ቤት ጥሎት ነው የወጣው። የጊዜው የሠፈር ሹሞች ለቅሶ ከለከሉ። ድንኳን የለ፣ እድር የለ፣ እዬዬ የለ። አያቴ ነጠላዋን አፏ ውስጥ ጎስጉሳ ተቀመጠች። በማግሥቱ አክስቴ እንደ ማንኛውም ቀን ውኃ ቀዳች፤ እያለቀሰች መሆኗ እንዳይታወቅ እንስራውን አዝላ ፊቷን አጎንብሳ ሄደች። «ከዚያ ወዲያ ማልቀስ ጠፋኝ» አለች። «በኋላ መንግሥት ተለወጠ፤ አልቅሱ ተባለ። ግን ከሄደ ወዲያ አይመጣም።»

«ለሌላ ሰው አሰምተኸዋል?» ብላ ጠየቀችኝ። ልዋሽ አልቻልኩም። «አሰምቻለሁ» አልኩ። «ሣቁ?» «ሣቁ።» ትንሽ ዝም አለች። «እሱም ሣቅ ይወድ ነበር» አለችና፣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፍና፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ያለ ከበሮ፣ ያለ ዕጣን፣ ድምፅ አውጥታ አለቀሰች። ከጎረቤት የሸማኔው መወርወሪያ ቆመ። ጎረቤቶች አንድ በአንድ ገቡ። ማንም «ማን ሞተ?» ብሎ አልጠየቀም። ከአርባ ዓመት በላይ የዘገየ ለቅሶ ተቀመጥን።

ወደ ግቢ ስመለስ አንድ ነገር ሲያብሰለስለኝ ነበር። በታኅሣሥ 1962 ዓ.ም. የተማሪዎች መሪው ጥላሁን ግዛው ተገደለ፤ በማግሥቱ አስከሬኑን ሊሸኙ እዚሁ ስድስት ኪሎ በተሰበሰቡት ላይ ወታደር ተኮሰ። ለቅሶው ራሱ በጥይት ተበተነ። ከዚያ አራት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ግንቦት 4 ቀን 1970፣ አሜሪካ ውስጥ በኬንት ስቴት ዩኒቨርሲቲ አራት ተማሪዎች በወታደር ተገደሉ። በዚያ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ያው ሃሊም ኤል-ዳብ ነው። በሚቀጥለው ዓመት «ኦፔራ ፍላይስ» የሚል ኦፔራ ስለዚያ እልቂት ሠራ። እሱ እርም የማውጫውን መንገድ አገኘ፤ መድረክ ነበረው። አክስቴ መድረክ አልነበራትም። የነበራት በወር አንድ ሌሊት፣ አራት አምስት ሴቶችና አንድ ከበሮ ነው። ሹሙም፣ ወይዘሮዋም፣ ያ ልጅም የመጡት ሌላ የሚናገሩበት ቤት ስላጡ ይመስለኛል።

እንግዲህ ጓደኞቼ፣ ዛር መድኃኒት ነው ብዬ ልሰብካችሁ አልተነሣሁም። አክስቴ ክኒኗን ትውጣለች፤ እኔም እንዳትረሳ አስታውሳታለሁ። ጠበሏንም አልተወችም። እኔ የምለው ትንሽ ነገር ነው። የሰው አእምሮ አንድ ሰው ብቻ የሚኖርበት ቤት አይደለም። ሚንስኪ በመጽሐፍ፣ ኤል-ዳብ በሽቦ፣ አክስቴ በቄጠማ ላይ የነገሩን ይህንኑ ነው። ከነዚያ ድምፆች አንዱ ሲጮህ ጮክ ያለውን እየሰማን እንሥቃለን ወይም እንፈራለን። ዝግ ብሎ የሚናገረውን የሚሰማ ግን ማን ነው? እኔ መሣሪያ በእጄ፣ ሥነ-ልቡና በደብተሬ ይዤ አልሰማሁትም ነበር።

ይህን ስጽፍ አስፈቅጃታለሁ። «ስሜን እንዳትጽፍ» አለችኝ፤ አልጻፍኩም። ቀረጻውን ላጥፋው ወይ ብላት፣ «ተወው፣ የሱ ድምፅ ሌላ የት አለ?» አለች። ባለፈው ወር አሮጊቷ መጥተው ነበር። ሹሙ ፎከረ፣ ወይዘሮዋ ቡናውን አናናቀች። ሦስተኛው አልመጣም። ወይ ደግሞ በሚቀጥለው ይመጣ ይሆናል፤ አላውቅም። አክስቴ ግን ከዚያ ቅዳሜ ወዲህ ኮቱን ከሣጥን አውጥታ፣ ፀሐይ አስመትታ፣ ከፎቶግራፉ አጠገብ ሰቅላዋለች። እኔም አሁን ከመጋረጃው ጀርባ አልተኛም። ወጥቼ ከሴቶቹ ጋር እቀመጣለሁ፤ ሲቀበሉ እቀበላለሁ።